በመንገድ ላይ ያጋጠመ ነገር

ብረት ለበስ ነው ይሉታል እንጂ ያ መኪና ብረት የለበሰው በጀርባው በኩል ብቻ ነበር። አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ሸዋ በር አካባቢ የሚሠራ በያጅ የመጨረሻውን መቀመጫ አውጥቶ፣ ከውስጥ ላሜራ ደርቦ፣ የገንዘቡን ሣጥን ከወለሉ ጋር በብሎን አስሮት ነበር። እኛ የምንቀመጥበት የፊቱ ክፍል እንደ ማንኛውም መኪና ነው፤ ጥይት ቀርቶ ጠጠር አይመክትም። ገንዘቡ ከእኛ የተሻለ ይጠበቃል ማለት ነው። ይህን ስናገር ሾፌሩ ይስቅ ነበር፤ እኔን ግን አሁንም ሳስበው አያስቀኝም።

ሐረር ውስጥ የአንድ ባንክ ጥበቃ ነበርኩ። ገንዘብ ወደ ገጠር ቅርንጫፎች ሲሄድና ሲመለስ ጠመንጃ ይዤ አጅባለሁ። የሶፊ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የጫት ማሳውን ለታላላቅ ወንድሞቼ ሲያካፍል ለእኔ የተረፈኝ ምርቃት ብቻ ነበር፤ በምርቃት ደግሞ ሚስት አትቀለብም። ስምንተኛ ክፍል መድረሴና የቀበሌ ታጣቂ ሆኜ መሣሪያ መፍታትና መግጠም መልመዴ ጠቀመኝና ባንኩ ቀጠረኝ። ዩኒፎርሙን ለብሼ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ የገባሁ ቀን እናቴ እልል አለች። አሁን ሳስበው ያ እልልታ ያሳዝነኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ከእኔ ጋር የሚያጅቡት ሽማግሌ ናቸው። በቅጥሩ ውስጥ፣ በጀጎል ተወልደው ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው የሚነጋገሩት በሐረሪ ቋንቋ ነው፣ ከእኛ ጋር ደግሞ በአማርኛ። በአገሩ ወግ የተከበረ ታላቅ ሰው ‹አው› ይባላል። እኔም አንድ ቀን ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ አው ነበር የምላቸው። በደርግ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ወታደር ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እሳቸውም ከሰሜን በእግርና በጭነት መኪና ተንከራተው ቤታቸው ገቡ፤ ያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመን እንዳልነበረ ሆነ። ባንኩ ሲቀጥራቸው ከአንድ ጀመሩ። አሥር ዓመት ያልሞላው ሰው በየወሩ የሚታሰብ ጡረታ የለውም፣ የተጠራቀመለትን ገንዘብ በአንዴ ሰጥተው ያሰናብቱታል። አው አሥር ዓመታቸውን ለመሙላት የሚጠብቁት እንደ ጾመኛ መግሪብን ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ቤት ያለችው አንዲት ተማሪ ልጃቸው ናት። ወር በገባ ቁጥር «ስንት ቀረኝ?» ይሉኛል፤ እኔም አስልቼ እነግራቸዋለሁ።

ትምህርታቸው አጭር ነበር። ከመኪና ስትወርድ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ። የሰው ፊት አትይ፣ እጁን እይ፤ ፊት ይዋሻል፣ እጅ ግን አይዋሽም። ከማንም ምንም አትቀበል፣ ውሃም ቢሆን። ቀኝ እጅህ ከመሣሪያው አይለይ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሐረር ውስጥ ሰላምታ ማለት እጅ ነውና። ሰው መንገድ ላይ አሰላሙ አለይኩም ብሎ እጁን ሲዘረጋ አው በከንፈራቸው ወአለይኩሙ ሰላም ይላሉ እንጂ ቀኝ እጃቸው ካረፈበት አይነሳም። አንድ የገበያ ቀን አጎቴ ቅርንጫፉ በር ላይ አግኝቶኝ እጁን ዘርግቶ ቀረ። «ባንክ ገባና ቋቅ አልነው» ብሎ ለመንደሩ አውርቷል። እኔና አውም የምንገናኘው ሥራ ላይ ብቻ ስለነበር፣ አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን አናውቅም።

መንገድ መቀያየርም ሥርዓት ነው። ዛሬ በዋናው መንገድ ከወጣን ነገ ቅጥሩን ዞረን በፈላና በር በኩል እንድንመጣ ታዘናል፤ የትኛውን እንደምንይዝ የሚያውቁት አው ብቻ ናቸው፣ የሚናገሩትም ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ግን ሐረር እኮ ነው! የትኛውንም ብንይዝ ቲማቲም ሻጯ «ዛሬስ ዘገያችሁ» ትለናለች። ሚስጥራችንን የማናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

ማታ ስንመለስ የጉዞ ቅጽ ይሞላል። መነሻ፣ መድረሻ፣ የመሣሪያ ቁጥር፣ የጥይት ብዛት፤ ከሁሉ በታች ደግሞ አንድ መስመር አለች፤ «በመንገድ ላይ ያጋጠመ ነገር» ትላለች። አው መሠረተ ትምህርት ቢገቡም በአማርኛ ፊደል ከስማቸው ያለፈ አልያዙም፤ የለመዱት ቁርኣን የቀሩበትን ፊደል ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እኔ ነኝ። እስክሪብቶዬ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ከጎኔ ሆነው «የለም በል» ይሉኛል። አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶብን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመናል፤ ያን ቀንም የለም። «ዝም አይነቅዝም ልጄ» ይሉኝ ነበር።

የሆነው ነገር የሆነው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከገጠር ቅርንጫፍ ሙሉ ሣጥን ይዘን እየተመለስን ነበር። ሾፌሩና አው ከፊት፣ እኔና ገንዘብ ያዧ ከእነሱ ኋላ፣ ሣጥኑ ከእኛ ኋላ። አው በፈላና በር በኩል ዙር አሉት። በሩ አጠገብ ስንደርስ ጀናዛ ከቅጥሩ ወጣ። ሾፌሩ እንደ ወጉ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ለጀናዛ የማይቆም መኪና እዚያ የለም።

በሐረር ጀናዛ ሲያልፍ ያየ ሰው ያውቃል፤ ቃሬዛው በሰው ትከሻ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይራመድም። የሚያውቀውም የማያውቀውም ሮጦ ትከሻውን ያስገባል፣ ጥቂት ተራምዶ ለሌላው ይለቃል። ያን ዕለት የወጣው ቃሬዛ ግን ተሸካሚው አራት ሰው ብቻ ነበር። አንድ ሼክ ከኋላ ይከተላሉ፣ ሌላ ሰው የለም። ከአራቱ አንዱ እግሩን ያነክሳል፤ እሱ በረገጠ ቁጥር ቃሬዛው ያዘነብላል። ሟቹ ከድሬ ጠያራ መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድር ዕቃ ተሸካሚ እንደነበረ የሰማሁት ኋላ ነው። ዘመድ አልነበረውም። ሰዓቱ ደግሞ የጫት መኪና የሚገባበት ነው፣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ ነበር።

አው በመስኮቱ ጥቂት አዩ። «ያ ረቢ! አራት ሰው ብቻ?» አሉ።

«አው፣ ሣጥኑ ሙሉ ነው» አለ ሾፌሩ፤ ሐሳባቸው ገብቶት ነው።

«ሬሳ ማንሳት የሁላችንም ዕዳ ነው። አንዱ ካነሳው ለሁላችን ይበቃል፤ ማንም ካላነሳው ሁላችንም እንጠየቅበታለን። እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁ?» አሉና የጠመንጃቸውን ማንገቻ ከአንገታቸው አወጡ። ዘወር ብለው በመቀመጫው ላይ አሳልፈው ጭኔ ላይ አኖሩት። «ያዝልኝ» አሉ። ጠመንጃ ተይዞ ቃሬዛ ሥር አይገባማ።

ወረዱ። በሩን አልዘጉትም። የሚያነክሰውን ሰው በቀስታ ገፋ አድርገው ትከሻቸውን በቦታው አስገቡ። ያኔ ነው የባንክ ዩኒፎርም የለበሰ ሽማግሌ ከቃሬዛ ሥር መግባቱን ባለሱቆቹ ያዩት። አፍረው ነው መሰለኝ ከየሱቁ እየወጡ ይሮጡ ጀመር፤ አሥር ሆኑ፣ ሃያ ሆኑ። አው ሃያ እርምጃ ያህል ከሄዱ በኋላ ትከሻቸውን ለቀቁ፣ ተመልሰውም ገቡ። ጠመንጃቸውን ተቀብለው መቀባበያውን ነካ ነካ አደረጉና «እንሂድ» አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ ሁለት ጠመንጃ ታቅፌ፣ ክፍት በር እያየሁ ላብ አጠመቀኝ። ፈርቼ ነበር፣ ተናድጄም ነበር። በእሳቸው ቦታ የእኔ አባት ቢሆን ኖሮ እኮራበት ነበር፤ ያን ሰዓት ግን አልኮራሁም።

ማታ ቅጹን ስሞላ አው አጠገቤ ቆመው ነበር። «ዛሬ የመጣልህን ጻፍ» አሉኝ። «በሠራሁት አላፍርም።»

ጥቂት አሰብኩና የለም ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። እሳቸውን የደበቅኳቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን መናገር አለብኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ የማሳብበው ሰው አላጣም ነበር። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የባንካችሁ መኪና በሩን ከፍቶ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር ብሎ አንድ ሰው ደውሏል አለኝ። ከዚያ ጣቱን በመጨረሻዋ መስመር ላይ አኖረ።

«እዚህ የለም ይላል። ፊርማው ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሽማግሌው ወርደዋል?»

«ወርደዋል።»

«ለምን?»

«ጀናዛ ለመሸከም። ተሸካሚ አልነበረውም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። «ጀናዛ» አለ ለራሱ ያህል፣ «ምን ይባላል እንግዲህ...» ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። «ለእሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። ሐሰት ሞልተህ ፈርመሃልና ላንተም።»

ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው የዓመቱን ጭማሪ አያገኝም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ የምንከራየው ቤት ጣሪያው ያፈሳል። ይህን ሁሉ አሁን የምደረድረው ሰበብ ፍለጋ ነው፤ ያን ሰዓት የሰማሁት «ላንተም» የምትለዋን ብቻ ነው። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«እኔ ከቦታዬ አልተነሳሁም» አልኩ። «ጠመንጃቸውንም የያዝኩት እሳቸው ሰጥተውኝ ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ምን አልክ?»

ስለ ጠመንጃው ማንም አልጠየቀኝም ነበር። የደወለውም ሰው ያየው በሩን እንጂ ጠመንጃውን አይደለም። ሾፌሩም ገንዘብ ያዧም ተጠይቀው ነበር፣ መውረዳቸውን ተናግረው ስለ መሣሪያው ግን ትንፍሽ አላሉም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መልሼ ላስተካክል ሞከርኩ፣ «ለትንሽ ጊዜ ነው፣ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ የጀመረውን ወረቀት ቀደደው። በሥራ ላይ መሣሪያን አሳልፎ መስጠት በማስጠንቀቂያ የሚታለፍ አይደለም፣ ወደ በላይ የሚጻፍ ነው። «ይህን ባትነግረኝ ጥሩ ነበር» አለኝ። እኔ ማስጠንቀቂያው ቀረልኝ።

ደብዳቤው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አው በባንኩ በር ላይ፣ ጥበቃ የምንጠለልባት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይዘውት ገቡና ሰጡኝ። «አንብብልኝ» አሉ። ባንኩ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያነበበላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

አነበብኩ። የማሰናበቻ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ «ባልደረባቸው በሰጡት የምስክርነት ቃል መሠረት» ይላል። ዓይኔ ዘለለው፤ ድምፄም ተከተለው። «የያዙትን መሣሪያ አሳልፈው በመስጠታቸው» ብዬ ቀጠልኩ። ያን መስመር የዘለልኩት እንዳይገባቸው ፍጥነቴን እንኳ አልቀነስኩም። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ስንት ቀርቶኝ ነበር?» አሉ።

«ስምንት ወር።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀበቷቸውን ፈቱና አስረከቡ፣ ጥይታቸውን አስረከቡ። ሲወጡ ፊታቸውን አላየሁትም፣ ወለሉን ነበር የማየው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የፊተኛው መቀመጫ የእኔ ሆነ፣ የጉዞው አበልም ከፍ አለልኝ። እኔና ሚስቴ ጣሪያውን አሠራንበት። ክረምት ገብቶ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ባያፈስም።

አው ፈላና በር አጠገብ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ባትሪ፣ ክብሪት፣ የፕላስቲክ ጫማ መሸጥ ጀመሩ። መኪናችን በዚያ ባለፈች ቁጥር ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው፣ እኛ አልፈን እስክንጠፋ ድረስ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው እጅ እጁን ያያሉ። ደሞዝ ሳይከፈላቸው ይጠብቁናል። ሾፌሩ ጥሩንባ ነካ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ ጥበቃ ጣሪያ ማየት አለበት፣ ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም። መንገድ የምመርጠው እኔ ስለሆንኩ ኋላ ላይ በፈላና በር በኩል ማለፍም አበዛሁ ብል ውሸት ነው፤ ቀነስኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲሆን፣ በዒድ ማግሥት፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ራሴን አደፋፍሬ ሄድኩ። ገና ከሩቅ አዩኝና ተነሱ። አሰላሙ አለይኩም አልኩ። ወአለይኩሙ ሰላም አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ያዝኩት። ሻካራ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ይሞቃል።

«አየህ፣ አምስት ዓመት አብረን ሠርተን አንድ ቀን ተጨባብጠን አናውቅም» አሉ እየሳቁ። «አሁን እጄ ሥራ ፈታ።»

እኔም ልስቅ ሞከርኩ። እጄን አልለቀቁም። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ፣ ሶፊ ዝናብ ስለ መጣሉ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ድምፃቸውን ዝቅም ከፍም ሳያደርጉ፣ «ደብዳቤውን ልጄ አነበበችልኝ» አሉ።

«መቼ?»

«ያንኑ ዕለት ማታ።»

እጄ አሁንም በእጃቸው ውስጥ ነበር። አንዲት ቃል ናት የመጣሁበት፤ አፉ በሉኝ። ሰውና ሰው የተበዳደሉትን አላህም ቢሆን የተበደለው ሰው ይቅር ካላለ አይምርም ሲባል ነው ያደግኩት። ቃሏ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። አንዲት ሴትዮ ግን መጣችና የልጅ ጫማ አንስታ «ስንት ነው?» አለች። አው እጄን ለቀቁና ወደ እሷ ዞሩ። ጫማው ጠበባት፣ ሌላ ፈለጉላት፣ ተከራከረች። ቆሜ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ሌላ ሰው መጣ። በሌላ ቀን ተረጋግቼ እላቸዋለሁ ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋን በልቤ አመስግኛታለሁ።

ሌላ ቀን ብዙ ነበር። አንዱንም አልተጠቀምኩበትም።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው። ከገጠር ሙሉ ሣጥን ይዘን እየመጣን ነበር። ዋናው መንገድ እየተቆፈረ ስለነበር ያለኝ ምርጫ ፈላና በር ብቻ ነው። ሾፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሏል፤ የሚያወራ ሰው ነው፣ ዝምታው ደንቆኝ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ሸራው የለም። ከቅጥሩ ውስጥ ግን ሰው እንደ ጎርፍ ይወጣል። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«የማን ነው?» አልኩት።

እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ «የአው ነው» አለ። «ጠዋት ሰምቼ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ኢና ሊላሂ አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠው አዲሱ ባልደረባዬ የከተማ ክርስቲያን ነው፣ አውን የሚያውቃቸው መንገድ ዳር ቆመው ሲያዩን ብቻ ነው፤ ግን የሐረር ልጅ ነውና ነገሩ ገብቶታል። ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ውረድ እንጂ» አለኝ። «ሁለት ደቂቃ ነው። ጠመንጃህን ወዲህ በለው፣ እኔ አለሁ። ማንም አይናገርም።»

ማንም አይናገርም። ይህን ያለኝ በየዋህነት ነው። ዞሬ አየሁት፤ እኔ ስቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ዘርግቶልኛል። በእሱ ቦታ ተቀምጦ የተናገረውን ሰው ስለማውቀው ላምነው አልቻልኩም።

«አይቻልም» አልኩት።

ቃሬዛው መጣ። ጀጎል በሙሉ የወጣ ይመስል ነበር፣ ተሸካሚው ሊቆጠር አይችልም፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ ይሮጣሉ። በእኔ መስኮት በኩል፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ርቀት አለፈ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ በሩ አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው፣ አየኝ። አውና እኔ አብረን እንሠራ እንደነበር ያውቃል። ሲያየኝ ጎን ጎኑን ፈቀቅ አለና ከቃሬዛው ሥር ለአንድ ትከሻ የሚበቃ ቦታ ከፈተልኝ፤ ግባ ማለቱ ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ያህል ቦታዋን ክፍት አድርጎ ጠበቀኝ። ቀኝ እጄን አየሁት፤ ጠመንጃው ላይ ነበር፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ሮጦ መጣና ቦታዋን ሞላት። አቧራው እስኪጠፋ ጠበቅንና ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

ቅርንጫፉ ደርሰን ሣጥኑ ገባ፣ ጥይት ተቆጠረ፣ ቅጹ መጣልኝ። መነሻውን ጻፍኩ፣ መድረሻውን ጻፍኩ፣ የመሣሪያውን ቁጥር ጻፍኩ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ «የለም በል» የሚለኝ ሰው ከጎኔ አልነበረም። የለም ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።